ታደለች አልምልም ያለች ቀን

ሰውን ሌባ ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያንን ቃል መልሶ ለመዋጥ ግን እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሱም ቢሆን በራሴ ጥረት አልነበረም፤ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል በገዛሁት አሮጌ ማሽንና በአንድ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ሰበብ ነው። ታሪኩ ለእኔ ክብር የሚጨምር አይደለም። ቢሆንም ሌባ ስላት የሰሙኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው እያቀበለ ወሬው የት ድረስ እንደሄደ አላውቅም። ይህም የሚደርስበት ድረስ ይድረስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስሜ ደሳለኝ ይባላል። ዴንቨር ኤርፖርት የሆቴል ሸትል እነዳለሁ። አሜሪካ እንደመጣሁ ካፒቶል ሂል የሚባል የዴንቨር ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በእግሬና በአውቶቡስ ስሠራ ቆይቼ፣ ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ከተጋባን በኋላ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ትንሽ የጡብ ቤት ገዛን። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ለመናገር አንድ ነገር ይበቃል፤ ጂፒኤስ ሲሳሳት ደስ ይለኝ ነበር። ተሳፋሪ ሲቆጠር እንኳን "አራት ናቸው" ካልኩ አምስተኛው ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ካላሳየኝ በቀር አራት ናቸው። እርግጠኛ ሰው ነበርኩ። ይህ ነገር ሥራ ላይ ብዙ አልጎዳኝም፤ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው።

እናቴን ከአገር ቤት ያመጣኋት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰባት ጠገራ ብር ሰፍታ መጣች። የቀድሞ ሰው የሚገበያይባቸው፣ የሴት መልክ ያለባቸው እነዚያ ትልልቅ የብር ገንዘቦች ናቸው፤ ለሠርጓ የተሰጧት ናቸው። ለልጅ ልጆቿ የአንገት መስቀል ይሠራባቸው ዘንድ ነበር ሐሳቧ። ሌሊት ፍራሽ ሥር፣ ቀን ደግሞ መቀነቷ ውስጥ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የቀኑን ስም፣ ከዚያ ምድጃ ማጥፋት፣ ከዚያ ደግሞ የእኔን ልጆች ስም። እኔም ሰብለም ሥራ ላይ ስንውል የሚጠብቃት ሰው ያስፈልግ ነበር።

ታደለች የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከሆሳዕና የመጣች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኛ ኦርቶዶክሶች፣ እሷ ጴንጤ። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ክፍል ሰጠናት፤ ቀን እናቴን ትጠብቃለች፣ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። እናቴ ሻወር መግባት አሻፈረኝ ስትለን እሷ እግሯን በሳህን ውሃ ማጠብ ትጀምርና እያሳሳቀች ሙሉ በሙሉ ታጥባት ነበር። እናቴ ስሟን አንድ ቀን ረስታው አታውቅም። የእኔን ትረሳ ነበር። ይህ ደስ ይለኝ ነበር ብል ውሸት ነው።

አንድ ዓመት ሊሆናት ሲል፣ የሚካኤል ማኅበር ተራ እኛ ቤት በደረሰበት ሳምንት፣ ጠገራዎቹን ለማኅበርተኞቹ ላሳይ ብዬ ፍራሹን ባነሳ የሉም። መቀነቷ ውስጥም የሉም። ቤቱን ገለባበጥኩት። እናቴን ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ጠገራዎችሽ የት ናቸው?"

"ታደለች ታውቃለች" አለችኝ።

እናቴ ያን ሰሞን ሁሉንም ነገር "ታደለች ታውቃለች" ትል ነበር። ሻሽሽ የት ነው? ታደለች ታውቃለች። ዛሬ ምን በላሽ? ታደለች ታውቃለች። እኔ ግን ያችን አንዷን መልስ ለይቼ ምስክርነት አደረግኳት። ሰብለ "ትንሽ ቀን እንጠብቅ፣ እማማ የሆነ ቦታ ጥለውት ይሆናል" አለች። አልሰማኋትም።

በማኅበሩ ዕለት፣ ወደ አሥራ ሁለት ሰው በተቀመጠበት፣ ታደለችን ከቤዝመንት አስጠራኋት። የንስሐ አባታችንን "መስቀሉን ይስጧት፤ አልወሰድኩም ብላ ትማል" አልኳቸው። እሳቸው "እስቲ ረጋ በል ደሳለኝ" ብለውኝ ነበር። ንጹሕ ከሆነች ምን ያስፈራታል ብዬ ድርቅ አልኩ። በመጨረሻ መስቀሉን ዘረጉላት።

ታደለች በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እጇን አልዘረጋችም።

"አልወሰድኩም" አለች። "ግን አልምልም። በእኛ እምነት አይማልም፤ እንደዚያ ነው ያደግኩት።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ዝምታ አሁንም አልረሳውም፤ ሁሉም ሰው እኩል የፈረደበት ዝምታ ነበር። ለእኛ መስቀል ተዘርግቶለት አልምልም ያለ ሰው ወስዷል ማለት ነው። ለእሷ ደግሞ መማል ራሱ በደል ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ዓመት ስንኖር ይህን አላወቅኩም ነበር፤ ለማወቅም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። "ቁልፉስ?" ስላት "ለእማማ ሰጥቻቸዋለሁ" አለችኝ። እናቴን ጠየቅኩ፤ እጇ ላይ ምንም የለም። ይኸው ሁለተኛ ውሸት አልኩ፤ በዚያው ሳምንት የበሩን ቁልፍ ከነጓጉንቸሩ ቀየርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ፤ ላልጠየቀኝም ነገርኩ። እናቴ በቀጣዩ ዓመት አረፈች። እስከ መጨረሻው ሳምንት "ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኝ ነበር። በሽታው ነው እል ነበር።

ማሽኑን የገዛሁት ከእናቴ ተዝካር በኋላ ነው። መሬት ውስጥ ያለ ብረትና ሳንቲም በድምፅ የሚናገር፣ በእጅ የሚያዝ፣ ጫፉ ላይ ክብ ሳህን ያለው ዲቴክተር ነው። ጓደኞቼ "ደሳለኝ ወርቅ ቁፋሮ ገባ" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ የምፈልገው የቆየ ሳንቲም ነው። ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ከኪሱ የጣለውን ነገር አንስቶ ጭቃውን በአውራ ጣት መጥረግ የሆነ ሰላም አለው። መጀመሪያ የፈተሽኩት የራሴን ግቢ ነው። በግማሽ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። ምንም የለም ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ጥቅምት ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሐሙስ ወርዶ ዓርብ ቀልጧል። ዋልት የሚባል ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ለዚህ ነገር ዕድሜውን የሰጠ ሽማግሌ ነው። ካፒቶል ሂል ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ባለቤት ግቢዋን እንዲፈትሽ ፈቅዳለት ነበርና እኔንም ጠራኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮልፋክስ ጎዳናን ተሻግሬ ፓርክ አደረግኩና ሥራ ጀመርን። ግቢውን ለሁለት ተካፈልን። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እኔ አራት የዘንድሮ ፔኒና አንድ የጠርሙስ ክዳን አገኘሁ።

ዋልት የራሱን ድርሻ ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ፤ ሳያስፈቅደኝ እኔ በሄድኩበት መስመር ላይ ከጫፉ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የጠፋ መርፌ የሚፈልግ ይመስላል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተንበረከከና ሁለት ትንንሽ የብር ዳይሞች፣ የድሮ አሥር ሳንቲሞች፣ አወጣ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ። ጫማዬ ያረፈበት ሥር።

"ማሽኔ ተበላሽቷል ማለት ነው" አልኩ።

"ማሽንህ ደህና ነው" አለ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብረት እንዳያሰማህ ዘግተኸዋል?"

"አዎ። ሚስማር ማውጣት ሰለቸኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑን ከእጄ ወስዶ ትንሿን ማዞሪያ እስከ ዜሮ አዞራት።

"ሰው የኖረበት ግቢ ውስጥ ሳንቲም ብቻውን አይገኝም። አጠገቡ ሚስማር አለ፣ ሽቦ አለ፣ ቆርቆሮ አለ። ብረት ስትሰማ ዝም በል ካልከው፣ እዚያው የተኛውን ብርም አይነግርህም። ሁሉንም ክፈተው። ድምፁ ያስጠላል፣ ግን ስማው። ወፍራም ድምፅ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተደርቦ ከሰማህ ቁም። በሌላ አቅጣጫ ዞረህ ድገመው።"

"እሺ።"

"ደግሞ ትሮጣለህ። የምትፈልገውን አስቀድመህ የምታውቅ ይመስልሃል።"

እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም።

"ወደ ቤትህ ሂድና ተለማመድ" አለኝ። "ዛሬ መሬቱ ርጥብ ነው፤ ርጥብ መሬት ደህና ያሰማል። ምንም የለም ብለህ የተውከው ቦታ ላይ ጀምር።"

ተናድጄ ነው የተመለስኩት። የተናደደ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሽማግሌው ተሳስቶ እንደሆነ ላሳየው ወሰንኩ። ግቢዬ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ቤት እንደደረስኩ ሰብለ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች፤ "ምሳ አትበላም?" ስትለኝ "መጣሁ" ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ሁሉንም ከፍቼ፣ ከአጥሩ ጥግ ጀመርኩ።

ዋልት እንዳለው ድምፁ ያስጠላል። ባዶ ያልኩት መሬት ሁሉ ያጉረመርማል። ሚስማር፣ ሽቦ፣ የአጥር ቁራጭ። ጥርሴን ነክሼ ቀስ አልኩ። ሰባት ስምንት ሚስማር አወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የልብስ ማስጫው የብረት ምሰሶ ጋ ደረስኩ። እናቴ በየበጋው ጤና አዳም የምትተክለው እዚያ ሥር ነበር፤ ካረፈች ወዲህ ማንም አልተከለበትም። ምሰሶው ራሱ ብረት ስለሆነ በፊት በሩቁ ነበር ያለፍኩት። አሁን ሳህኑን አስጠጋሁት። ወፍራምና የተሰነጠቀ ድምፅ ሰጠኝ። ልለፈው ስል በድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር ሰማሁ፤ ቀጭን፣ አጭር፣ እንደገና ዝም።

ዞሬ ከምሰሶው ወዲያ በኩል ደገምኩት። አለ። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። አለ።

ተንበርክኬ ሣሩን በአካፋ ከፍቼ ቆፈርኩ። አንድ ስንዝር ያህል ስወርድ የዛገ ቆርቆሮ ነካሁ። አሮጌ የቀለም ጣሳ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ዙሪያውን በእጄ ሳጸዳ ክብ መሆኑን አየሁ፤ ዝገቱ ባልበላው ጎን ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል። የብስኩት ጣሳ ነው። ብስኩቱ ካለቀ በኋላ በየሐበሻው ቤት ክርና መርፌ የሚቀመጥበት ያ ጣሳ። የእናቴ የስፌት ጣሳ ነበር። ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ማንም አልፈለገውም።

ክዳኑ ስነካው ተፈረፈረ። ውስጡ ፌስታል በፌስታል ተጠቅልሎ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ቋጠሮው የእናቴ ነው፤ የእሷን ቋጠሮ ከሌላ ሰው ቋጠሮ እለየዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ምሳዬን የምትቋጥረው እንደዚያ ነበር። በጥርሴ ፈታሁት። በነጭ መሐረብ ውስጥ ጠገራዎቹ ነበሩ። ቆጠርኳቸው። ሰባት።

ከመሐረቡ ሥር ሌላም ነገር ወደቀ። የቤት ቁልፍ ነው፤ ቀይ ክር ታስሮበታል። ታደለች ከእኛ ቁልፍ እንዳይምታታባት ቀይ ክር ታስርበት ነበር።

እዚያው ርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩን ማገጣጠም አላስፈለገም፤ ራሱ ተገጣጥሞ ነበር። ልጅቷ ሁለት ነገር ብላኝ ነበር። አልወሰድኩም ብላለች፤ ቁልፉን ለእማማ ሰጥቻቸዋለሁ ብላለች። ሁለቱም እዚህ አሉ፣ በአንድ ጣሳ። እናቴ ጠገራዎቿን ከፍራሹ ሥር አንስታ ስፌት ጣሳዋ ውስጥ አስገብታለች፤ እኔ ቤቱን ስገለባብጥ ያን ጣሳ ልክፈት አላልኩም። ታደለች ስትሄድ ቁልፉን ስትሰጣት እሱንም እዚያው ጨምራ፣ እጇ በለመደው መሬት፣ ጤና አዳሟ ሥር ቀብራዋለች። ከዚያም ረስታዋለች። ውድ ነገርን ሁሉ አንድ ላይ አስቀመጠችው። የልጅቷ ቁልፍ ለእሷ ከጠገራዎቹ እኩል ነበር።

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሰብለ በመስኮት አይታኝ ወጣች። ጣሳውን አየች፣ መሐረቡን አየች፣ ከዚያ ቁልፉን አነሳችና ቀዩን ክር በጣቷ ነካችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

"አሁን ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ከሁለታችን በቀር ያየ የለም። ጉድጓዱን መልሼ ሣሩን ላዩ ላይ ላስተኛ እችላለሁ። ጠገራዎቹ መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዓመታት በኋላ "እናቴ ለዘመድ ሰጥታው ኖሮ ተላከልኝ" ማለት ይቻላል። ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ልጅቷም የራሷን ኑሮ ትኖራለች፣ የሞተ ነገር ምን ያስነሳዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። አፌን ከፍቼ ልናገረውም ነበር።

"የት እንዳለች እንኳ አላውቅም" አልኩ በምትኩ።

"እኔ አውቃለሁ" አለች ሰብለ። "ስልኳ አለኝ። በየዓመቱ ለገና እደውልላታለሁ።"

ቀና ብዬ አየኋት።

"ስድስት ዓመት?"

"ስድስት ዓመት። እኔ ያን ቀን ዝም አልኩ ደሳለኝ። አጠገብህ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ቢያንስ መደወል ነበረብኝ።"

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን የመድፈን ሐሳብ አልተመለሰም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃቫና ስትሪት ላይ ካለ አንድ ሻይ ቤት ታደለች ቀጠረችን። እኛ ቀድመን ደርሰን ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ስትገባ አላወቅኳትም። የነርስ ልብስ ለብሳ፣ ከሺፍት ወጥታ ነው የመጣችው። ሰብለን አቅፋ ሳመቻት። ለእኔ "ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ደሳለኝ" ብላ ተቀመጠች። አንቱታዋን አልተወችም፤ ብትተወው ይቀለኝ ነበር።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሌሊቱን ስሠራው ያደርኩት። አንዱም አልመጣልኝም። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

ጠገራዎቹን አየቻቸው፤ አልነካቻቸውም። ቁልፉን ግን አነሳችው። ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች።

"የት ተገኘ?"

"ጓሮ። ጤና አዳሙ ሥር። እናቴ ናት የቀበረችው።"

"ሁለት ጊዜ ነው ያጠፉብኝ ጋሼ" አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። "አንዱን ብቻ ነው ሰው የሚያውቀው። ሌባ መባሌን ቻልኩት፣ አልወሰድኩማ። በቁልፉ ውሸታም መባሌን ግን አልቻልኩትም፤ ስወጣ እጃቸው ላይ አስቀምጬ ጣቶቻቸውን አጥፌ ነበር። እማማ ይመሰክሩልኛል ብዬ ነበር። ከዚያ እሳቸውም የካዱኝ መሰለኝ።"

"አልካደችሽም" አልኩ። "ስትሞት እንኳ አንቺን ነበር የምትጠይቀው። መቼ ነው የምትመጣው ትለኝ ነበር።"

ታደለች እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰብለ ክንዷን ያዘቻት።

"ከእናንተ ቤት በኋላ ሌላ ሽማግሌ ልጠብቅ ገባሁ" አለች ቀስ ብላ። "አንድ ቀን ስገባ የቤቱ እመቤት ቦርሳዋን ከሶፋ ላይ አነሳች። ያቺን እጇን አየኋት። ማን እንደነገራት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሐበሻ ቤት አልሠራሁም። አሁን ሆስፒታል በሽተኛ ሳነሳ ቀለበቱን፣ ሰዓቱን ላለመንካት እጠነቀቃለሁ። ልምድ ሆነብኝ።"

ጠገራዎቹን ወደ እሷ ገፋሁ። "ውሰጃቸው። እናቴም ብትሆን…"

"ምን ላደርጋቸው?" አለች መልሳ እየገፋቻቸው። "እማማ ለልጅ ልጆቻቸው ነው ያመጧቸው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ያን ቀን የነበሩት ሰዎች ፊት ይንገሩልኝ። ለእኔ እዚህ መንገር ምንም አይጠቅመኝም፤ እኔማ አውቃለሁ።"

"እነግራለሁ" አልኩ።

"እኔም ባለሁበት።"

"አንቺም ባለሽበት።"

ቀጣዩ የማኅበር ቀን ሌላ ሰው ቤት ነበር፤ ተራ ቀይሬ እኛ ቤት አደረግኩት። ከዚያን ቀን ሰዎች ሁለቱ ዴንቨርን ለቀዋል፣ አንዱ አርፏል፤ የቀሩት መጡ። የንስሐ አባታችንም መጡ። ጠበሉ ተቀምሶ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ሰብለ ታደለችን ይዛት ገባች። ያን ቀን በቆመችበት፣ በሩ አጠገብ ቆመች። ወንበር ተነሥቶላት እንኳ አልተቀመጠችም።

ጣሳውን ከነጠገራዎቹና ከነቁልፉ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። የተናገርኩት አጭር ነበር። ምን እንዳልኩ፣ ማን ፊት እንዳልኩ፣ ምን እንደተገኘ፣ የት እንደተገኘ። እናቴ በበሽታዋ ምክንያት ነው የቀበረችው፣ ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ ታደለች ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክኩ።

"ይነሱ ጋሼ" አለችኝ። "ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው። ገና አልጨረስኩም።"

ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ከተቀመጡበት ሆነው በሐዘን ጠየቋት።

"ልጄ፣ ያን ቀን ምለሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ምነው አንዲት ቃል ከበደችሽ?"

"አንዲት ቃልማ ተናግሬ ነበር" አለች ታደለች። "አልወሰድኩም ብዬ ነበር።"

ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው አዩአትና መልሰው አቀረቀሩ። የንስሐ አባታችን ከመቀመጫቸው ተነሡ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አላወጡም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ተነሣ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም የጠፋ ነገር ይኖራችኋል። ምናልባትም ማን እንደወሰደው ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቅ ነበር። ምክር የመስጠት ወግ የለኝም። ስለ ሳንቲም ፍለጋ ብትጠይቁኝ ግን የምነግራችሁ አለኝ፤ ከበረዶ በኋላ ውጡ፣ ቀስ በሉ፣ አንድ ጊዜ ያለፋችሁበትን በሌላ በኩል ድገሙት፣ የሚያስጠላውን ድምፅ አትዝጉት። ከዚያን ቅዳሜ ወዲህ የብር ሳንቲም ከበፊቱ ብዙ አገኛለሁ። ዋልት ይደሰታል። እኔ ግን እያንዳንዷን ሳወጣ ያቺን ቤቴ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ስትናገር ያልሰማኋትን ልጅ አስባለሁ። ለዓመታት ማሽኑን የዘጋሁት ሚስማር ስለሰለቸኝ ነው። እሷን የዘጋሁት ግን እናቴ ከእኔ አብልጣ ስለወደደቻት ይመስለኛል። ይህን ለራሴ ካመንኩ ገና ጥቂት ወሩ ነው።

የማኅበሩ ዕለት ታደለች ስትወጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትታው ትሄዳለች ብዬ ነበር። ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ "ይሄን ልያዘው?" አለችኝ። ያዢው አልኳት። የምትይዘው ለእናቴ መታሰቢያ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ምንም እንደማይከፍት ታውቃለች።

በማግስቱ ጋራዥ ገብቼ ፈለግኩ። ብረት የማልጥል ሰው ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የነቀልኩት የድሮው ጓጉንቸር ከነብሎኖቹና ከእኔ የድሮ ቁልፍ ጋር በካርቶን ውስጥ ነበር። ዘይት አጠጣሁት፣ አዲሱን ነቅዬ እሱን በሩ ላይ መለስኩት። ሰብለ በእኔ ቁልፍ አምሳል ለራሷና ለልጆቹ ስታስቀርጽ ምንም አልጠየቀችኝም።

ታደለች እስካሁን አልመጣችም። በሩ ግን በእሷ ቁልፍ ይከፈታል።